ከውሻው እግር ሥር የነበረው ጥላ

የሠዓሊዋ አጎት ስለ ሥራዋ በተነሣ ቁጥር፣ «ሰው አልቆ ነው ውሻ የምትሥይው?» ይላታል። ሰው አላለቀም። ሰው ግን ሲሣል አፍንጫዬ ገዘፈ፣ ጉንጬ አበጠ እያለ ቁም ስቅል ያሳያል፤ ውሻና ድመት ቅሬታ የላቸውም። እሷም ሰዎች ያመጡላትን የእንስሳ ፎቶ ታብሌቷ ላይ ትከፍትና በዲጂታል ብዕሯ ፀጉሩን እየሰደረች፣ ዓይኑ ውስጥ ብርሃን እየጨመረች፣ በዘይት ቀለም የተሣለ አስመስላ ታወጣዋለች። ከዚያ ሸራ ላይ ታትሞ የአንድ ሰው ሳሎን ውስጥ ይሰቀላል።

አንድ ልማድ አላት። ከመሣሏ በፊት ፎቶውን ታጸዳለች። የማሰሪያ ገመድ፣ የተደፋ ባልዲ፣ ግማሽ ጫማ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ፣ ሁሉም ይጠፋል። እንስሳው ብቻውን ተኮፍሶ ይቀራል። ይህን ስትሠራ እጇ ከሐሳቧ ይቀድማል፤ በዚህም ትኮራለች። ይኸው ኩራቷ ነው ጉድ የሠራት።

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር መጀመሪያ ሲመጡ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ነበር። ስልኩ እየበራ ይጠፋል። የስልክ ጠጋኙ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ውስጡ ያለውን እንዲያወጡ መክሯቸዋል። ሽማግሌው ማውጣት የፈለጉት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፦ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የታጠፈ ቡናማ ውሻ፣ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ፎቶ አንሺው ቀና ብሎ ሲያይ። ፎቶው ወደ ታብሌቷ እንደተላለፈ ስልኩ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያም አልበራም።

ወደ እሷ የሚመጡት አብዛኞቹ እንስሳቸው የሞተባቸው ናቸውና፣ ሠዓሊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እግዜር ያጽናዎት» አለቻቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን በመሐረቡ ጠረግ አድርገው አሜን አሉ። ስንት ዓመት አብረው እንደኖሩ ስትጠይቃቸው፣ አርባ አንድ ዓመት እንደሆነ ነገሯት። ውሻ አርባ ዓመት እንደማይኖር ታውቃለች፤ ሐዘን ቁጥር ያምታታል ብላ አለፈችው። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብትጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

በአምስተኛው ቀን፣ ፀሐይዋ ገና በሩን ስትነካ፣ ሽማግሌው ውሻውን አስከትለው መጡ። ያው ቡናማው፣ ያው የታጠፈ ጆሮ። ሠዓሊዋ የሞተ ሰው ያየች ያህል ክው አለች። ውሻው ሙት አለመሆኑን ለማስረዳት ይመስል ወንበሮቹን በተራ አሸተተ። ስሙ ኮሽታ ነው፤ ቅጠል በወደቀ ቁጥር ስለሚጮህ ያወጡለት ስም ነው።

ሽማግሌው ሥዕሉን አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ ብለው ብዙ አዩት።

«ኮሽታ ራሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እሷ ግን የታለች?»

እሷ ማን እንደሆነች ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። ፎቶውን ያነሡት ሚስታቸው ነበሩ። ፀሐይ ከጀርባቸው ስለነበረች ጥላቸው መሬቱ ላይ ተዘርግቶ፣ የጥላው ራስ ውሻው እግር ሥር አርፎ ነበር። ከሞቱ ስምንት ወራቸው ነው። ፎቶ መነሣት አይወዱም ነበር፤ ገና ስልክ ሲወጣ እኔ ላንሣ ብለው ከሰው እጅ ይቀማሉ። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ ደንግጠዋል፣ መታወቂያቸው ላይ ተቆጥተዋል። ሽማግሌው የሚያውቋት ሴት ያለችው እዚያ ጥላ ውስጥ ብቻ ነው።

ሠዓሊዋ ሥዕሉን መልሳ አየችው። ጥላውን ታስታውሰዋለች። ፎቶውን ስታጸዳ መጀመሪያ የሰረዘችው እሱን ነው። ከዚያም የጸዳውን በዋናው ፎቶ ቦታ ተክታ አስቀምጣዋለች። ታብሌቷን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች፣ የተሰረዙትን ሁሉ ገለባበጠች፤ የለም። እዋሻለሁ ብትልም አልሆነላትም።

«አባባ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «ቆሻሻ መስሎኝ።»

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን የኮሽታን ጆሮ እያሻሹ፣ ጥላ ይሰረዛል ብለው ስላላሰቡ ሳይነግሯት መቅረታቸውን፣ ጥፋቱም የሁለቱም መሆኑን ተናገሩ። እንዲህ ሲሏት ጭራሽ ባሰባት። ሥዕሉን ይዘው ሊሄዱ ሲነሡ በሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«ባለቤትዎ እንዴት ነበር የሚቆሙት? ያሳዩኝ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«በዚህ ዕድሜዎ።»

ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ አፍረው ወዲያ ወዲህ አዩ። ደጁ ላይ ማንም አልነበረም። በሩ ደፍ ላይ፣ ፀሐይዋን በጀርባቸው አድርገው ቆሙ፤ ጥላቸው ወለሉን አቋርጦ እስከ ጠረጴዛዋ ደረሰ። ሁለቱን ክንዶቻቸውን ከፈት አድርገው፣ የሌለ ስልክ ከፊታቸው ያዙ። ጥላውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ አጠር ትላለች ብለው ጉልበታቸውን አጠፉ። ግራ እግሯን ያማት ነበር ብለው ወደ ቀኝ ዘመም አሉ። ሠዓሊዋ ሻሿን ፈትታ ሰጠቻቸው፤ ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ጫፉን በትከሻቸው ለቀቁት። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው ሻሽ አስረው፣ ቂጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ሲቆሙ ለሳቅ የሚመች ነበር። ሁለቱም አልሳቁም። ወለሉ ላይ የነበረው ጥላ የሽማግሌው መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ብዕሯን አንሥታ ታብሌቷ ላይ መሣል ጀመረች።

ጥግ ተኝቶ የነበረው ኮሽታ ተነሣ። ማንም አልጠራውም። ጥላው ራስ ጋ ሲደርስ ተቀመጠ፤ አንዱ ጆሮው ቆሞ፣ አንዱ ታጥፎ፣ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ። ልክ እንደ ፎቶው።

«እየኝማ፣ ኮሽታ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «እንዲህ ነበር የምትለው።»

ውሻው ጭራውን ወለሉ ላይ አንዴ መታ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። ሽማግሌውም ክንዳቸውን አላወረዱም። ጉልበታቸውንም እንዳጠፉ ናቸው። ሠዓሊዋ ክርኑን ሣለች፣ የሻሹን ጫፍ ሣለች፣ ወደ ቀኝ የዘመመውን ወገብ ሣለች። ጥላው አለቀ። የቀረ ነገር አልነበረም።

«ጨረስሽ ልጄ?»

ውሻውን አየች፣ ሽማግሌውንም አየች።

«ትንሽ ይቀረኛል» አለች፤ ብዕሯንም ከስክሪኑ ላይ አላነሣችም።

«እሺ» አሉ። «እኛም አልቸኮልን።»