ያደረ ውሃ

ሠርካዲስ የመስታወት ጎድጓዳውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። ውሃው ቀሚሷን አርሶታል።

«ጋሽ ይገዙ፣ ድረሱልኝ! ወርቄ ሊሞትብኝ ነው!»

ይገዙ የሚስለውን ማጭድ አስቀመጠ። ወርቃማው ዓሣ በጎኑ አዘንብሎ፣ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ያለከልካል። ክንፎቹ ከገላው ጋር ተጣብቀዋል። ይገዙ ጉለሌ ውስጥ በጀርመኑ ዶክተር ቤት አትክልተኛ ሆኖ ሲሠራ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ዓሣ ያበላው፣ ውሃውን የቀየረለት እሱ ነበር። ከወር በፊት ዶክተሩ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ሚስቱ ማዳም ዓሣውን ለልብስ አጣቢዋ ለሠርካዲስ ሰጠቻት። ሠርካዲስ እዚያ ቤት ሥራ ከገባች ዓመት እንኳ አልሞላትም። ለይገዙ የደረሰው ካፖርት ነው። አንድ ቀንም አልለበሰውም።

«ወርቄ ነው ስሙ?»

«እኔ ነኝ ያወጣሁለት።»

«ቀበሌስ አስመዘገብሽው?»

«ጋሽዬ፣ ይሄ የቀልድ ሰዓት ነው?»

እሱ ስድስት ዓመት «አንተ» ሲለው ኖሯል። ለዓሣ ስም ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ምን ታበይዋለሽ?»

«የዳቦ ፍርፋሪ፣ ቆንጠር አድርጌ፣ በቀን አንዴ። እርስዎ ሲያደርጉ ያየሁትን ነው።»

ትክክል መሆኗ ይበልጥ አናደደው።

«ውሃውንስ?»

«በየማለዳው! ቦኖ ሄጄ እሰለፍና እቀዳለሁ። የትናንቱን ጥርግ አድርጌ እደፋና አዲሱን እሞላለታለሁ።»

ይገዙ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት አፍንጫውን ወጋው።

«አታሳድሪውም?»

«ያደረ ውሃ? ለእንግዳ?» ሠርካዲስ ደነገጠች። «ነውር አይደለም እንዴ?»

ሳቁ መጣበት፤ ዋጠው። ዓሣውን ልትገድለው የነበረው በአክብሮት ነው። ይህንኑ ነግሯት ሊሸኛት ይችል ነበር።

«ከባድ ነው» አለ። «እኔ ዘንድ መሰንበት አለበት።»

«ስንት ቀን?»

«እንግዲህ... እንደ ሁኔታው። ወርም ሊፈጅ ይችላል።»

ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። «ይዳን እንጂ ዓመትም ይቀመጥ» አለች።

ይገዙ ቀና ብሎ አላያትም። ጓሮ ካለው በርሜል ትናንት የተቀዳ ውሃ ጨለፈ። ዓሣው ከእጁ ከወጣ በኋላም ውሃ ማሳደሩን አልተወም ነበር። ከጎድጓዳው ግማሹን ደፋ፤ ያደረውን በጣሳ ቀስ እያለ ጨመረ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ክንፎቹ ተዘረጉ።

ይገዙ ሳያስበው፣ እንደ ድሮው፣ መስታወቱን በጥፍሩ ሁለቴ መታ መታ አደረገው። ዓሣው ዞሮ እየቀዘፈ ወደ ጣቱ መጣ።

«ውይ! ያውቅዎታል!» ሠርካዲስ ሳቀች። ሳቋ ውስጥ ቅናት ፈልጎ አጣ። «እኔማ ለማዳም ብያት ነበር፣ ለጋሽ ይገዙ ይሻላል ብዬ።»

«እና ምን አለች?»

«‹ይገዙ ዓሣ አይወድም› አለችኝ። ውሃ በቀየሩ ቁጥር ‹የዓሣ ገረድ ሆኜ ቀረሁ!› ይሉ አልነበር? አማርኛ እኮ ትሰማለች።»

ይገዙ እንዲያ ይል የነበረው የግቢው ዘበኛ እንዳይስቅበት ነው። ማዳም ጠልታው ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር።

ተነሣና ጀሪካን አመጣ። ከበርሜሉ እየጨለፈ ሞላው።

«መሰንበት የለበትም» አለ። «የቧንቧው መድኃኒት ነው የጎዳው። ውሃውን በባልዲ፣ ሳትከድኚ አሳድሪው። ደግሞ ሁሉንም አትድፊ። በሳምንት አንዴ፣ ሲሶውን ብቻ ቀይሪ።»

«ባደረው?»

«ባደረው። እንግዳ አይደለም፤ ቤተኛ ነው።»

ጀሪካኑን ተሸክሞ እስከ አዲሱ ገበያ መንገድ ሸኛት። እሷ ጎድጓዳውን አቅፋ፣ እግሯን እየመረጠች ታስቀምጣለች። መለያያው ላይ ቆመች።

«ቅድም እንዴት አድርገው ነው የጠሩት?»

ይገዙ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠና መስታወቱን የመታበትን እጁን ኪሱ ከተተ።

«አልጠራሁትም» አለ። «ርቦት ነው።»