ፍሬን የለውም!

ቀናውና ኩምሳ ከአቃቂ በሰቃ ወደ ቃሊቲ በብስክሌት የሚመላለሱ የአንድ ቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቀናው የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ አጠር ያለ፣ ትንሹንም ትልቁንም ነገር በሆዱ የሚያብሰለስል ሰው። ኩምሳ ደግሞ ከጥንቶቹ የገበሬ መንደሮች የወጣ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ነው። ሁለቱም ወልደው ከብደዋል፤ ሁለቱንም ሽበት ጀማምሯቸዋል። ብስክሌት ላይ ሲወጡ ግን ዕድሜያቸውን ቤት ጥለውት የሚወጡ ይመስሉ ነበር።

ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ብቻ ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ቀድሞ የደረሰ አሸናፊ ነው፤ የተከተለው «ጭራ» እየተባለ ይውላል። ዳኛው ሽማግሌው ጥበቃ ጋሽ ኦልጅራ ናቸው። ማታም ሲመለሱ ያው እሽቅድምድም ነው፤ የማታው መጨረሻ ቁልቁለቱን ጨርሰው የሚያገኙት የአቃቂ ድልድይ ነው።

በዚያ ክረምት ዕድል ወደ ቀናው ፊቷን አዞረች። ጠዋት ይቀድማል፣ ማታ ይቀድማል። ኩምሳን ነገሩ ከነከነው።

«የምትቀድመኝ አንተ አይደለህም፤ ብስክሌትህ ናት» ይለው ነበር። «አንድ ቀን እንቀያየርና ጉድህን እንየው።»

«ሚስትና ብስክሌት አይዋዋስም» ይላል ቀናው፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው፤ ካፊያ የሚጥልበት ጠዋት። ቀናው እንደ ልማዱ ቀድሞ ወደ ፋብሪካው በር ሲታጠፍ ውሻ ከየት መጣ ሳይባል ጎማው ስር ገባበት። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ጨመቀው። ቷ! የፊት ፍሬኑ ሽቦ ተበጠሰ። የኋላው ከፋሲካ ጀምሮ «ነገ ይሠራል» ሲባል የከረመ ነው። ብስክሌቱ ከብረት በሩ ጋር ተላትሞ ቆመ። ውሻው አመለጠ፤ ቀናውም ክርኑ ከመላላጡ በቀር ምንም አልሆነም። ጋሽ ኦልጅራ ፊታቸውን አዙረው ነበር፤ ኩምሳም ገና ኋላ ነው። ያየ የለም።

ቀናው የተበጠሰው ሽቦ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ በቁራጭ ጨርቅ ከብረቱ ጋር አሰረው። ከላይ ለሚያየው ፍሬኑ ደህና ይመስላል። ለኩምሳ መናገር አፉ ድረስ መጣ። ግን እሱ ይህን ከሰማ «ከበር ጋር የተጋጨ አሸናፊ» እያለ እስከ መስከረም ድረስ መሳቂያ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ዘየደ፦ ማታ ቆየት ብሎ ይወጣል፤ ኩምሳን ያስቀድመዋል፤ ቁልቁለቱን ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ይወርድና በሰቃ ካለው የብስክሌት ዕቃ ሱቅ አዲስ ሽቦ ገዝቶ ያስገጥማል። ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

እንዳሰበውም የሥራ መውጫ ሲደወል መታጠቢያ ቤት ገብቶ እጁን እያጠበ፣ ደግሞም እያጠበ ቆየ። ግቢው ጭር ሲል ወጣ። ብስክሌቶቹ የሚቆሙበት ጥላ ስር አንድ ብስክሌት ብቻ ቀርቷል። የኩምሳ ነው።

ጋሽ ኦልጅራ ከወዲያ ሆነው ይስቃሉ። «የአንተን ይዞ ሄደ እኮ! "ዛሬ ብስክሌቱ ነው ወይስ ሰውየው፣ ይለይልናል" ብሎሃል።»

የቀናው ፊት ተለወጠ። ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡት።

«ምነው፣ ምን ሆንክ ልጄ?»

«ጋሼ፣ ፍሬን የለውም!»

መልሳቸውን አልጠበቀም። የኩምሳን ብስክሌት አፈፍ አድርጎ ወጣ። መቀመጫው ለረጅም ሰው የተሰቀለ ነው፤ እግሩ ፔዳሉን የሚያገኘው በጣቱ ጫፍ ነው። ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ነዳ። መንገዱ የቀለበት መንገድ ጠጠር በሚያመላልሱ ገልባጮችና ወደ ደብረ ዘይት በሚወርዱ ተሳቢዎች ተጨናንቋል። በዳሩ ደግሞ ከወህኒ ቤቱ ስንቅ አድርሰው የሚመለሱ ሴቶች ባዶ ሳህናቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ተሰልፈዋል። «ይቅርታ! አንዴ! አንዴ!» እያለ በመካከላቸው ሾለከ።

ኩምሳ ሩቅ አልሄደም ነበር። ቀስ ብሎ ሄዶ፣ ፍሬን ሳያስፈልገው ታክሲ መያዣው ጋ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ በቀናው ብስክሌት ላይ እንደ ፌንጣ ተጣጥፎ ይጠብቀዋል። ተፎካካሪ የሌለበት እሽቅድምድም ምን ይጥማል!

ቀናው አንድ እጁን አንስቶ እያውለበለበ ጮኸ፦ «ኩምሳ! አትንዳው! ፍሬን የለውም!»

በመካከላቸው አንድ ገልባጭ እያጓራ አለፈ። ኩምሳ የሰማው ስሙን ብቻ ነው። ጥርሱን ብልጭ አደረገ፣ እጁን አነሳ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ፔዳሉን ረገጠው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀናውን ዕድሜ ልኩን የሚያባንነው ነገር ነው። በጮኸ ቁጥር ኩምሳ ይፈጥናል። ዝም ካለ ደግሞ የሚያስቆመው የለም። ደረቱ ተቃጠለ። ቁልቁለቱ ሳይደርስ፣ ሜዳው ላይ ሳለ ካልተያዘ አለቀ። አንድ ሚኒባስ አጠገቡ ሲደርስ በመስኮት የወጣውን ረዳት ለመነው፦ «ወንድሜ፣ ያንን ከፊት ያለውን ሰውዬ አስቁምልኝ! ፍሬን የለውም በለው!»

ረዳቱ ጨዋታ መሰለው። «በርታ የኔ አንበሳ! ትደርስበታለህ!» ብሎ የሚኒባሱን ጎን በመዳፉ ደበደበ። ኩምሳ አጠገብ ሲደርስም እሱንም «በርታ!» አለው። ኩምሳ በረታ።

ቀናው ጥርሱን ነክሶ ተነሳበትና የቀረውን አቅሙን ሁሉ ፔዳሉ ላይ አሳረፈ። ያን ጊዜ ከሥሩ አንድ ነገር ክሽክሽ አለና ፔዳሉ ባዶውን ዞረ። ካቴናው ወለቀ።

ወርዶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ካቴናውን የብስክሌቱ ጥርስ ላይ ያስገባዋል፣ ይወልቃል፤ ያስገባዋል፣ ይወልቃል። ቀና ሲል የኩምሳ ጭንቅላት ብቻ ይታየዋል፤ ከዚያ ጭንቅላቱም ከቁልቁለቱ አፋፍ ወዲያ ጠለቀ።

«አማኑኤል፣ አደራህን» አለ ቀናው። ሌላ ጸሎት አልመጣለትም።

ካቴናው ገባለት። አፋፉ ላይ ሲደርስ ቁልቁል ተመለከተ። ከታች፣ ድልድዩ ጋ፣ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ሾፌሮች ከየመኪናቸው ወርደዋል። ሰው ተሰብስቧል።

እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ፍሬኑን ጨምቆ እንደያዘ ብቻ ትዝ ይለዋል፤ የኩምሳ ፍሬን ጥሩ ነበር፣ ይይዛል፤ መያዙ ራሱ አንጀቱን አቃጠለው። ሕዝቡን ገፍቶ ሲገባ አንድ ቦቴ ቆሟል፤ ከኋላ ጎማው ስር ብስክሌቱ ተጣጥፎ ወድቋል። በብረቱ ላይ ያሰራት ቁራጭ ጨርቅ እንደታሰረች ነች። ኩምሳ የለም። መንገዱ ዳር አንድ እግር ጫማው ብቻ ተገልብጦ ቀርቷል።

በመንገዱ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ከሰሏን ትታ ቆማ ነበር።

«እህቴ፣ ሰውየውስ?»

«በፒክአፕ ጭነው ወሰዱት።»

«ነፍሱ አለች?»

«ዓይኑ ተገልጦ ነበር። ሲያናግሩት ግን አይመልስም» አለችና በእጇ ወደ ድልድዩ ማዶ አመለከተችው።

ቀናው ጫማውን አንስቶ በሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በኩምሳ ቤት ደጃፍ ያልፋል። በሌላ በኩል ልዙር ብሎ አሰበ። የኩምሳ ሚስት ዲንቄ እንዳታየው ፈለገ፤ መጀመሪያ እውነቱን ልወቅ፣ ከዚያ እነግራታለሁ አለ። ግን ዙሪያው ሩቅ ነው። አንገቱን ደፍቶ በደጃፉ ሊያልፍ ሲል ዲንቄ አጥሩ ላይ ልብስ ስትለቅም አገኘችው። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ብስክሌቱ ላይ ነው።

«ቀናው! ኩምሳ የት አለ? በእሱ ብስክሌት አንተ ምን ትሠራለህ?»

ውሸት ፈለገ፤ አጣ።

«ወድቋል፣ ዲንቄ። ጤና ጣቢያ ወስደውታል። እኔም አላየሁትም።»

የለቀመችውን ልብስ እንዳቀፈች ወጣች። ቀናው ብስክሌቱን እየገፋ ተከተላት። እየሄዱ ሁሉንም ነገራት፤ ውሻውን፣ ሽቦውን፣ ጨርቁን፣ ለምን እንደደበቀ፣ መታጠቢያ ቤት ቆሞ እጁን ሲያጥብ እንደነበር። ዘወር ብላ ሳታየው እርምጃዋን አፈጠነች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ያገኟት ነርስ ራሷን ነቀነቀች። «ከድልድዩ የመጣ ቁስለኛ የለም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የተቀበልነው አንዲት ወላድ ብቻ ነው።»

«ፒክአፕ ነው ያመጣው፤ ረጅም ሰው...»

«የለም አልኩህ፣ ወንድሜ። ከባድ ከሆነ በቀጥታ ከተማ ወስደውት ይሆናል።»

ከባድ ከሆነ። ቀናው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከባድ ከሆነ በቀጥታ ከተማ፤ ከከተማ ደግሞ ወዴት? የኩምሳን ልጆች አሰበ። ነገ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ጋሽ ኦልጅራን ምን እንደሚላቸው አሰበ። ሸሚዙ ውስጥ ያለው ጫማ ሆዱን ይወጋዋል።

ዲንቄ ግን አልተቀመጠችም። ደጁን እያየች ቆየችና ድንገት ዞረች።

«ነርሷ የለም ብላለች፣ አይደል?»

«የለም አለች።»

«ዓይኑ ተገልጦ ነበር ብለሃል?»

«በቆሎ ጠባሿ እንደዚያ ብላለች።»

«እንግዲያው ወጌሻ ጋ ነው! ኩምሳ መርፌ ካየ ነፍሱ አትገኝም። ስንጋባ ለምርመራ ደም ስጥ ቢሉት በመስኮት የወጣ ሰው ነው። እማማ ጠጄ ጋ ነው ያስወሰደው!»

የእማማ ጠጄ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። የአካባቢው ሰው የተሰበረውንና የወለቀውን ይዞ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ሁለቱ እየሮጡ በሩ ጋ ሲደርሱ ከውስጥ አንድ ጩኸት ተሰማ፦

«ዋቀዮ! እማማ፣ ገደሉኝ! ይተዉኝ! ገደሉኝ እኮ!»

ቀናው አጥሩን ተደግፎ እንባው ዝርግፍ አለ። የሰው ጩኸት እንደዚያ ደስ አሰኝቶት አያውቅም።

ገቡ። ኩምሳ ደረቱን ራቁቱን መደብ ላይ ተቀምጧል፤ የፊቱ ግማሽ በጠጠር ተልጧል። እማማ ጠጄ የወለቀ ትከሻውን መልሰው ክንዱን በነጠላ እያሰሩ ነው። እኚያ ቀጭን አሮጊት ያን ግንድ የሚያህል ሰው ያን ሁሉ አስጮኹት ብሎ የሚያምን የለም።

«አይዞህ፣ ገብቷል። አሁን አታልቅስ» አሉት።

«እኔ መቼ አለቀስኩ?» አለ ኩምሳ። ከዚያ ቀናውን አየው።

«ስትጮህ ሰምቼሃለሁ» አለ። «"ጠብቀኝ፣ ጠብቀኝ" የምትለኝ መስሎኝ።»

«ፍሬን የለውም ነበር የምልህ።»

«እሱንስ ቁልቁለቱ ላይ ራሴው ደረስኩበት።» ሊስቅ ሲሞክር ትከሻው ጠቀሰውና አቃሰተ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፦ «ጨመቅሁት፣ የለም። በእግሬ ያዝኩ፣ ጫማዬ ሄደ። ከፊቴ ቦቴው ቆሟል። ለመንገድ ሥራ የተከመረውን ጠጠር አየሁና ራሴን ወረወርኩ። ብስክሌትህ ብቻዋን ሄደች። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ሲያናግሩኝ አፌ አልንቀሳቀስ አለኝ። ልጆቼ ነበሩ ዓይኔ ላይ የሚሄዱት። ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስዱኝ መሆኑን ስሰማ ነው አፌ የተላቀቀው፤ እማማ ጋ ውሰዱኝ አልኳቸው።»

«ጠዋት ልነግርህ ይገባ ነበር» አለ ቀናው።

«እኔም ሳልጠይቅ መውሰድ አልነበረብኝም።»

ይሄኔ ነው ዲንቄ አፏ የተፈታው። እስካሁን አቅፋ የያዘችውን ልብስ መደቡ ላይ ወረወረችው።

«ጨርሳችሁ? ይቅር ተባባላችሁ? እኔንስ ማን ይቅር በይን ይበለኝ? አንዱ ፍሬን መበጠሱን ያፍራል! አንዱ ሳይጠይቅ ይወስዳል! ሽበት አብቅላችሁ ለሁለት ጎማ ልጆቼን የሙት ልጅ ልታደርጉ ነበር!»

እማማ ጠጄ «ልክ ብለሻል፣ ልጄ» አሉና ለጉዳተኛው የሚጠጣ ትኩስ ነገር ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ። ዲንቄም ትንሽ ቆይታ ከባሏ ጎን ተቀመጠች፤ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱ ላይ የተጣበቀውን ጠጠር አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። ስታነሳበት «ቀስ፣ ቀስ» ይላል፤ እሷ ግን ቀስ አትልም።

ኩምሳ ወደ ሥራ የተመለሰው ከመስቀል በኋላ ነው። ቀናውም ከአንድ ዘመዱ ያገለገለ ብስክሌት አግኝቶ በሁለቱም በኩል አዲስ ፍሬን አስገጥሞለት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ማታ አብረው ወጡ። ሜዳውን ጎን ለጎን፣ ስለ ፋብሪካውና ስለ ልጆች ትምህርት እያወሩ ሄዱ። ክረምቱ ወጥቷል፤ በመንገዱ ዳር አደይ አብቧል።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ኩምሳ ወሬውን አቋረጠ። ከታች ድልድዩና ወንዙ ይታያሉ። ፍሬኑን አንዴ ጨመቀው፤ ያዘለት። ደገመው፤ ያዘለት። ግን አልነዳም። ቀናው ዘወር ሲል የኩምሳ ጣቶች ፍሬኑን እንደጨመቁ አልለቅ ሲሉ አየ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ለዚህች ቀልድ አያጣም ነበር።

«እግሬን ደክሞኛል» አለ ቀናው፣ ከብስክሌቱ እየወረደ። «እየገፋን እንውረድ።»

ኩምሳም ወረደ። ተሳቢዎቹ በአጠገባቸው እያጓሩ ያልፋሉ። ሁለቱ ብስክሌታቸውን በዳሩ እየገፉ ቁልቁለቱን በእግራቸው ወረዱት።