ላንድሮቨር ያለው ትምህርት

«ጂኦሎጂ ያጠና ሰው በተመረቀ ማግሥት ላንድሮቨር ይረከባል» ይል ነበር አባይነህ።

አባይነህ የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ሠራተኛ ነው። ስኳር ሲመዝን እጁ ይሳሳል፤ ወሬ ሲመዝን ግን ሞልቶ ያትረፈርፋል። ሐምሌ ላይ ላንድሮቨሩ ባዶውን ነበር። ነሐሴ ሲገባ ሹፌር ተጨመረለት። ፍልሰታ ሲፈታ ደግሞ ከኋላው ፍሪጅ ተጫነበት። ኦጋዴን ላይ ነዳጅ ሊወጣ ስለሆነ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው እንደ ዕንቁ ይፈለጋል አሉ። ይህን ሁሉ የአባይነህ የአጎት ልጅ አዲስ አበባ ላይ በዓይኑ አይቷል። የአጎቱ ልጅ በዓይኑ ያላየው ነገር አልነበረም።

ይህ በሰባ አምስት ክረምት ነው። ታናሽ ወንድሜ ሳኒ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቱን ጨርሶ ለዕረፍት ሐረር መጥቷል፤ መስከረም ላይ ሲመለስ የሚያጠናውን ትምህርት መርጦ ፎርም ይሞላል። እኔ፣ ታላቅ እህቱ ዘምዘም፣ አባታችን ሲሞት ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቻለሁ። የቀረውን የተማርኩት ከሳኒ አሮጌ መጻሕፍት ነው። እሱ አንዴ ያነበበውን እኔ ሁለቴ አንብቤዋለሁ፤ እሱ ለፈተና፣ እኔ በንዴት። ፈላና በር አጠገብ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ስለዚህ በቤታችን ሁሉን አዋቂ ተደርጌ እቆጠር ነበር። መጀመሪያ የቆጠርኩትም እኔው ነኝ።

ሳኒ የሚወደው ሒሳብ ነበር። ከሒሳብ ቀጥሎ የሚወደው ሙናን ነው፤ ቅደም ተከተሉን እሱም አጣርቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሙና የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ዑመር ልጅ ናት። እንግዲህ ምስኪኑ ሁለቱን በአንድ ፎርም ላይ መሙላት ነበረበት።

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በቀጥታ ሄዶ «ምን ዓይነት ባል ትፈልጊያለሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሴቶቹ ነገሩን ያሸቱታል። ለማሽተት ደግሞ «ሞይ ጋር» ከሚባለው ቤት የተሻለ ቦታ የለም፤ የሰፈር ልጃገረዶች ተሰብስበን ስፌት የምንሰፋበት ቤት ነው። እኔና ሙና እዚያ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው።

«ሂጂና በዘዴ አውጣጫት» አለችኝ እማዬ። «ምን ያጠና ሰው ይፈልጋሉ? ቤተሰቡ ምን ይላል? በይ እንግዲህ፣ ምላስሽ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን።»

እማዬ ያላወቀችው ነገር ነበር። እኔና ሙና ከተኳረፍን ሁለት ወር አልፎናል። በልጃገረዶቹ ሁሉ ፊት «ዘምዘም እንግሊዝኛ ስትናገር እንግሊዞቹ ራሳቸው አስተርጓሚ ይፈልጋሉ» ብላኝ፣ ልጆቹ ወስፌያቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ስቀዋል። እና እኔ ነኝ ዛሬ ለምኜ የማወራት? ወስፌውን ብውጠው ይሻለኛል።

ስለዚህ ሞይ ጋር መሄዱን ትቼ ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት መንገድ፣ በመኪና ግርግር አድርጌ በሐጂ ዑመር ሱቅ በር አለፍኩ። አባይነህ እዚያ ቆሞ ላንድሮቨሩን ከነፍሪጁ ያወርዳል። ሐጂ ዑመር ጨርቅ እየለኩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ይላሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ፍርድ ቤት እንኳ ባነሰ ነገር ሰው ያስራል።

ቤት ስገባ የአባቴ ወዳጅ ዓሊዪ ከገጠር ገብተው፣ ጫታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ገበሬ ናቸው።

«ሐጂ ዑመር የሒሳብ አስተማሪ አይፈልጉም» አልኩ ገና ከበሩ። «ላንድሮቨር ነው የሚፈልጉት። ጂኦሎጂ ይሙላ።»

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ዓሊዪ።

«የድንጋይ ትምህርት ነው።»

«አቦ! ለድንጋይ ነው አራት ዓመት? የኔ ማሳ ሞልቶት የለ! ይምጣና ይልቀምልኝ፤ ላንድሮቨር ባልሰጠውም አህያዬን አውሰዋለሁ።»

ሳኒ አልሳቀም። «ሒሳብ ባጠናስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሒሳብማ ሐጂ ዑመርም ያውቃሉ» አለች እማዬ፣ «ያውም ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ።»

ሳኒ ወደ እኔ ዞረ። «ሙናን ጠየቅሻት?»

«መጠየቅ ምን ያስፈልጋል? አባቷ ማሻአላህ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እሷስ?»

«ከአባቷ የተለየ ሐሳብ ካላት እስካሁን አልነገረችኝም።»

ይህ ውሸት አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልነገረችኝም።

ሳኒ መስከረም ላይ ሄዶ ጂኦሎጂ ብሎ ሞላ። የሒሳብ መጻሕፍቱን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፤ ምን ነበር ያስደሰተኝ!

በሰባ ስምንት ተመረቀና ተመደበ፤ ስሟን ካርታ ላይ በአጉሊ መነጽር የፈለግናት በረሃ ውስጥ። አባይነህ ይመስገን፣ ላንድሮቨር በእርግጥም ነበረ። የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሹፌሩም ነበረ፤ ሹፌሩም የመሥሪያ ቤቱ ነው። የኋላ ወንበሩ ለድንጋዮቹ የተያዘ ስለሆነ ሳኒ የሚሄደው ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጦ ነው። ፍሪጁ እርጥብ ጆንያ የተጠቀለለበት፣ ግራር ላይ የተንጠለጠለ ጀሪካን ሆኖ ተገኘ።

ደሞዙ አምስት መቶ ብር ነው። የአቦከር ሰፈሩ ልጅ ዓብዱላሂም አብሮት ተመርቋል፤ ሌላ ስላልደረሰው ሒሳብ ያጠና ነው። የእሱስ ደሞዝ? አምስት መቶ ብር። ድንጋይ ያወቀም ቁጥር ያወቀም በአንድ መስኮት ተሰልፎ አንድ ዓይነት ይቀበላል። ልዩነቱ፣ ዓብዱላሂ እዚሁ ከተማችን አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ ምሳውን እናቱ ቤት ይበላል። የእኛው ባለ ላንድሮቨር ሰርዲን በአቧራ።

ያም ሆኖ ሽማግሌ ላክን። ሐጂ ዑመር በክብር ተቀበሏቸው፣ አስተናገዷቸው፣ ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «ልጁ ጨዋ ነው፤ አላህ ይጨምርለት። ግን ልጄን ለማን ልዳራት፣ ለድንኳን?»

ለሳኒ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሰው ማመልከቻ በአንድ ትንፋሽ የምጽፈው ሰው፣ ያቺን ደብዳቤ አራት ጊዜ ቀደድኳት። መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ «ድንጋዮቹ ደህና ናቸው።» ለዓመት በዓልም አልመጣም።

በዓመቱ ሙና ለዓብዱላሂ ታጨች። አባይነህ በዚያ ሰሞን ስታቲስቲክስ ያጠና ሰው ቪላ እንደሚረከብ ያወራ ነበር፤ የሰፈራችን እናቶችም ልጆቻቸውን ቁጥር ያስቆጥራሉ።

ለሠርጉ የሞይ ጋር ልጆች ሁሉ መርዳት አለባቸው፤ ኩርፊያ አይቆጠርም። ሙና እጇም እግሯም ሒና ተቀብቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ውኃ የሚያጠጣት ሰው ሲታጣ ብርጭቆውን እኔ ያዝኩላት። አራት ዓመት ያልተነጋገርን ሰዎች በአንድ ብርጭቆ ተፋጠጥን።

ጠጥታ ስትጨርስ «ሳኒ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ድንጋዮቹ ደህና ናቸው።»

«ለምን ግን ጂኦሎጂ ሞላ? ሒሳብ አልነበር የሚወደው?»

«አባትሽ ናቸዋ! አባይነህ ስለ ላንድሮቨሩ ሲያወራላቸው ማሻአላህ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ።»

ሙና ሳቀች፤ እንደ ድሮው አይደለም፣ ድምፅ ሳታወጣ። «አባቴ እኮ ጆሮው ደክሟል። ለሚያወራው ደንበኛ ሁሉ ማሻአላህ ነው።»

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጥኩ።

«ያን ክረምት አባቴ ስለ ሳኒ ጠይቆኝ ነበር» አለች ሙና፣ የተጠቀለሉ እጆቿን እያየች። «‹አስተማሪ ከሆነና ማታ ማታ ቤቱ የሚገባ ከሆነ ሳኒን እሺ› አልኩት። አንቺ መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ እስከ መስከረም ጠበቅሁ።»