አባባ የሠራው ክፍል

አባባ አናጢ ነበር። ጡረታ ሲወጣ «እጄ ቦዝኖ አይውልም» ብሎ ከእኔ ጋር የማምለጫ ጨዋታ ቤት ከፈተ። ሰዎች በቡድን ይገባሉ፤ በሩ ይቆለፍባቸዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንቆቅልሹን ፈትተው መውጣት አለባቸው። ሲረግጡት ሲጢጥ የሚለውን ወለል፣ ብቻውን የሚከፈተውን ቁም ሣጥን፣ ሁሉንም የሠራው እሱ ነው።

«ማስፈራቱንማ ማንም ያስፈራል» ይለኝ ነበር። «ዋናው ነገር፣ የፈራው ሰው መውጫው እዚያው አፍንጫው ሥር እንዳለ መጠርጠሩ ነው። ያኔ እየጮኸም ይስቃል።» እኔ በካሜራ እያየሁ ፍንጭ ልሰጣቸው ስል ከኋላዬ ቆሞ «ተያቸው እንጂ፣ ሊደርሱበት ነው!» ይላል፤ ሲደርሱበት ከእነሱ በላይ የሚደሰተው እሱ ነው።

ከዚያ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ መዶሻውን፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የቤቱን መንገድ። ያየችው ሐኪምም ተስፋ አልሰጠችንም። ብቻውን ጥዬው መሄድ ስለማልችል ሥራ ቦታ ይዤው እውል ነበር።

አንድ ጠዋት ስልክ ሳናግር ከአጠገቤ ጠፋ። ስክሪኑን ባይ፣ ክፍሉ ውስጥ ነው። በሩ ገፋ ካደረጉት ራሱ ይቆለፋል። ቁም ሣጥኑ ሲከፈትበት ክው ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። በማይክሮፎኑ «አባባ፣ አይዞህ፣ መጣሁ» ስለው፣ ድምፄ ከጣሪያው ስለመጣበት ጭራሽ ባሰበት።

«እትዬ! እትዬ፣ ክፈችልኝ!» እያለ በሩን ደበደበ። ታላቅ እህቱን ነው የሚጠራው፤ ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏታል።

ሮጬ ከፈትኩለት። ሱሪው ርሷል። እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞ «ይሄን ማን ነው የሠራው?» አለኝ።

«አንድ አናጢ ነው» አልኩት።

ትንፋሹ ሲመለስለት የቁም ሣጥኑን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «እጁስ ደህና ነው፤ አንድ ሚስማር አይታይም» አለ። «ግን ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ሰው ላይ ቆልፎ የሚሄድ?»

ልብሱን ቀይሬለት ወደ ቤት ወሰድኩት። በሳምንቱ በሩን ከማጠፊያው ነቅዬ ጨዋታ ቤቱን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ኖረ። ከሰዓት ከሰዓት በረንዳ ላይ ፀሐይ እንሞቃለን። ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ ከወንበሬ ብድግ ስል ግን ቀሚሴን ያዝ ያደርግና «ወዴት ነው?» ይለኛል።

«የትም አልሄድም» እለውና መልሼ እቀመጣለሁ።