በባላንጣ ቤት የተቀመጠ አደራ

«መብራት ሲሄድ ሁሉንም ንቀል ብዬህ ነበር» አለች በለጡ፣ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈትታ ውስጡን እያሸተተች።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ጠዋት ጠፍቶ የዋለው መብራት ሲመለስ ጉልበቱ በዝቶ መጣና የአሶሳን ግማሽ አምፖል ፈጀ። እነሱ ቤት ደግሞ ኮምፒውተሩን ይዞት ሄደ።

«ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩስ?» አለ ባሏ ደባልቄ።

«እሱን ጠዋት መብራቱ ሳይሄድ ነቅዬዋለሁ፣ ስልኬን የምሰካበት አጥቼ። በእኔ ብልህነት መሰለህ? የስልኬ ባትሪ አልቆ ነው የተረፍነው።»

ደባልቄ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። እሱ ሠርግ ይቀርጻል፤ እሷ ከቢሮ ስትመለስ ቤት ቁጭ ብላ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዘፈን ትጭናለች። የሠሩት ሁሉ ያለው እዚያች መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። የባምባሲው ነጋዴ የሙርሳል ልጅ ሠርግም እዚያው ነው፤ ገና ተቆርጦ አላለቀም። ሙሽሮቹ ከአገር ወጥተዋል፣ «እስቲ እንደገና ተጋቡልን» አይባሉ ነገር። ያቺ አንዲት ቅጂ ከጠፋች ሙርሳል ፊት ቆሞ የሚባል ቃል የለም።

«አንድ ትልቅ እንገዛለን» አለ ደባልቄ። «ሁሉንም የሚይዝ። ይሰካል፣ አለቀ።»

«እሱ ሲቃጠልስ?»

«አንቺ ደግሞ አፍሽን በክፉ ነው የምትከፍቺው።»

«አፌን በደግ ስከፍት ኖሬ ነው ይሄ የተቃጠለው? ሁለት ትንንሽ ነው የሚገዛው። አንዱ እዚህ ይቀመጣል። ሥራ ስንጨርስ ሰክተን እንገለብጥበታለን፣ ከዚያ ይነቀላል። ሌላው ከዚህ ቤት ይወጣል። በየሳምንቱ እናቀያይራቸዋለን። ሌባ ቢገባ፣ ጣሪያው ቢያፈስ፣ እሳት ቢነሳ ያኛው አለልን።»

«ከቤት ወጥቶ የት ይሄዳል? አልጋ ልትይዢለት ነው?»

ሹፈት ነበር፤ ግን ጥያቄውም ጥያቄ ነው። የደባልቄ እህት ቤት እንዳይቀመጥ፣ ልጆቿ ያገኙትን ሁሉ እያጠፉ ፊልም ይጭኑበታል። በለጡ ቢሮዋ እንዳታስቀምጠው፣ አምና የራሷን ፍላሽ ብትወስድ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቁጥር ለጥፎበት የመንግሥት ሆኖ ቀርቷል። አሶሳ ዘመድ እንደ ልብ የሚገኝባት ከተማ አይደለችም። ብዙው ሰው ከየትም የመጣ ነው፤ በለጡ ራሷ ከወሎ በሰፈራ ከመጡ ወላጆች የተወለደች ናት።

ብዙ ካሰበች በኋላ «ባቢከር» አለች።

ደባልቄ ከሶፋው ተነሳ። እሱና ባቢከር በአንዲት ካሜራ አብረው የጀመሩ ሸሪኮች ነበሩ። ሲጣሉ እያንዳንዱ «የጋራ ሥራችንን ገልብጦ ሰረቀኝ» እያለ ከተማውን አዳረሰ። ዛሬ ለቅሶ ቤት እንኳ ቢገናኙ አንዱ በገባበት በር ሌላው ይወጣል።

«ለጅብ ሥጋ አደራ ይሰጣል?»

«የዕቃውን ዋጋ የሚያውቅ እሱ ነው። የእሱንም እኛ ጋ ያስቀምጥ። ያንተ በእጁ፣ የሱ በእጅህ።»

«ጠላቴን ቤቴ አላስገባም።»

«እሱ አይገባም። ዕቃው ነው የሚገባው።»

በነጋታው ብቻዋን ወደ ባቢከር ሱቅ ሄደች። ባቢከር ጉርድ ፎቶ እየቆረጠ ነበር። ቀና ብሎ አያትና ወደ መቀሱ ተመለሰ።

«ደባልቄ ነው የላከሽ?»

«በራሴ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲህ ቆመሽ ተናገሪ፣ ወንበር የለም።»

ወንበር ነበር፤ ሁለት። በለጡ ዋጥ አደረገችውና የመጣችበትን ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ መቀሱን አስቀመጠ።

«የእኔም የሶኬት ዲቫይደር ትናንት ጨሰ» አለ። «ወላሂ፣ ልቤ ቆሞ ነበር። የበርታ ሰዎች ሠርግ ስንት አለኝ መሰለሽ፤ የሞቱ ሰዎች ሲጨፍሩ አለኝ። እኔም ማስቀመጫ ቤት የለኝም። ግን ባልሽ ሌባ ነው።»

«እሱም አንተን እንደዚያው ነው የሚልህ።»

«ይበል። ዕቃ ብለሽ ከሰጠሽኝ አልቀበልም፤ ዕቃ ይጠፋል፣ ይሰበራል። አማና ካልሽኝ ግን ሌላ ነው። እናንተ አደራ የምትሉት ማለት ነው። እሱን ብበላ የምጣላው ከፈጣሪ ነው። ከደባልቄማ ድሮም ተጣልቻለሁ።»

«አደራ ነው» አለች በለጡ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።»

በለጡ ሁለቱን ትንንሽ ገዝታ አንዱን አመጣች። የእሷንና የባቢከርን ሃርድ ዲስክ ዙሪያቸውን በቡናማ ፕላስተር አሸጓቸውና ላዩ ላይ ፈረሙ። ሐሙስ ሐሙስ፣ በለጡ ከቢሮ ስትወጣ፣ የቆየው ተመልሶ አዲስ የተገለበጠበት ይተካል። ሻይ ጠጪ፣ እንዴት ሰነበትሽ፣ ቤተሰብ ደህና የሚባል ነገር የለም። ስጠኝ፣ እንኪ፣ ቻው ነው።

ዘዴው ግን ሠራ። አሮጌ ኮምፒውተር ገዙ፣ በለጡም የሙርሳልን ሠርግ መቁረጥ ቀጠለች፤ መብራት እልም ሲል እንደ ድሮው አትርበደበድም። ደባልቄ ብቻ እያጉረመረመ የተቀበለውን የባቢከርን ሃርድ ዲስክ ከቁም ሳጥኑ እያወጣ ያገላብጠዋል።

አንድ ቅዳሜ በለጡ ከገበያ ስትመለስ ኮምፒውተሩ በርቷል። የባቢከር ሃርድ ዲስክ ተሰክቷል፤ ቡናማው ፕላስተር ተልጦ ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሏል።

ዘምቢሏን መሬት አስቀመጠች። «ምን እያደረግክ ነው?»

«የሰረቀንን እየፈለግኩ።»

«አገኘህ?»

ደባልቄ ሌላ ፎልደር ከፈተ።

«ደባልቄ፣ አገኘህ ወይ?»

«የለም» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም ከተለያየን በኋላ የቀረጸው ነው። አውቆ ሌላ ቦታ አድርጎት ይሆናል።»

«ስንት ዓመት ሌባ ስትለው ኖርክ! ዛሬ ግን ይኸው፣ የሰው አደራ የከፈትከው አንተ ነህ።»

«ምን ጎደለበት? ፕላስተሩ እዚህ አለ፣ መልሰን እናሽገዋለን። ፊርማው እንደሆነ ጭረት ነው፣ አስመስለዋለሁ። ማን ያውቃል?»

በለጡ ከባሏ ጋር ብዙ ጊዜ ተጣልታለች። እንደዚህ አፍራበት ግን አታውቅም። ንዴቱስ ይበርዳል፤ ይሄ ግን ፊቷን አቃጠላት። ሃርድ ዲስኩን ነቀለች፣ የተላጠውን ፕላስተር ከነፊርማው አነሳች፣ ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

ባቢከር በተከፈተ እጇ ላይ ያለውን አየ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀ።

«ማን ነው የከፈተው?»

«ባሌ።»

«ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም። የጋራ ሥራችሁን ፈልጎ ነው። አላገኘም።»

«የሌለ ነገር ከየት ይገኛል?» ባቢከር ተቀበላትና ሃርድ ዲስኩን ኪሱ ከተተ። «አሽገሽ ብታመጪው እኮ አላውቅም ነበር።»

«እኔ አውቃለሁ።»

ከመሳቢያው የእነሱን አወጣ። ፕላስተሩ እንደ ታሸገ ነው፣ አልተነካም። በለጡ ለመውሰድ እጇን ዘረጋች፤ ነገሩ እዚህ ላይ አብቅቷል ብላለች። እሱ ግን መልሶ መሳቢያው ውስጥ አስገባው።

«ይሄ ይቀመጣል።»

«እንዴት ሆኖ?»

«አማና ብዬ ተቀብያለሁ። ባልሽ በላ ብዬ እኔ አልበላም። ሐሙስ አዲሱን አምጪ።»

«ያንተስ? የት ታስቀምጠዋለህ?»

«እናንተ ቤት አይደለም።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ስድብ ቢሆን መልስ አታጣም። አንዴ «ስጠኝ፣ በቃ» ልትለው ቃጣት፤ የሙርሳል ሠርግ ትዝ ሲላት የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ደባልቄ በር ላይ ቆሟል።

«ምን አለ?»

«የራሱን ወሰደ። የእኛን ያስቀምጥልናል።»

«በስንት?»

«በነጻ።»

ደባልቄ ሊስቅ ሞከረ። «ከብሮ መታየት ፈልጎ ነዋ። አውቀዋለሁ፣ ልታይ ባይ ነው።»

በለጡ ወደ ውስጥ አልፋ ቤት የቀረውን ሃርድ ዲስክ አወጣች። ሰክታ የሳምንቱን ሥራ ገለበጠችበት፣ ነቀለችው፣ በአዲስ ፕላስተር ዙሪያውን አሸገችው። ብዕር ሰጠችውና ደባልቄ እንዲፈርም አደረገች። እሱም ለምን ሳይል ፈረመ።

«ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ የምትወስደው አንተ ነህ» አለችው።

«እኔ? እሱ ፊት ልቆም?»

«አዎ።»

«አላደርገውም።»

«እንግዲያው ተወው። እዚህ ቤት ያለው ሁሉ ሲጠፋ ግን ሙርሳል ፊት የምትቆመው ብቻህን ነው። እኔ አልከተልህም።»

ደባልቄ ሃርድ ዲስኩን በእጁ አገላበጠ።

«እሺ፣ ምን ብዬ ልስጠው?» አለ።

«አደራ ብለህ።»