ዘጠኝ ድምፅ ለ«የውሃ ቀን»

«የውሃ ቀን» የተባለው ዘፈናችን በአካባቢው ሬዲዮ አንድ ወር ሙሉ፣ በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተላልፏል። ከወሩ አሥር ምርጥ ዘፈኖች ዝርዝር ግን አልገባም። ሮክ ለሐረር አይሆንም የሚሉ አሉ፤ ጊታሩ በዛ የሚሉም አሉ። ሁሉም ተሳስተዋል። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ።

ባንዱ ሦስት ሰው ነው። ዐብዱልባሲጥ ጊታር እየመታ ይዘፍናል፤ ልደት ድራም ትመታለች፤ እኔ ኤልሳዕ ቤዝ እጫወታለሁ፣ ቀን ቀን ሸዋ በር ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የምንለማመደው ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ ነበር፤ እዚያ የሚቆጣ ጎረቤት ጥቂት ነው። ዘፈኑም ስለ ቧንቧ ነው፤ ውሃ ከስንት ቀን አንዴ ሲመጣ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ እንዴት እንደሚሯሯጥ።

ከሦስታችን ዝርዝሩ በእውነት የሚያስጨንቀው ዐብዱልባሲጥን ነበር። አባቱ አው ዑመር መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ የታወቁ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጃቸው ጅጅጋ ሄዶ አጎቱ ሱቅ እንዲገባ ወስነዋል። ለምኖ አንድ ወር አገኘ። ዘፈኑ ከአሥሩ ከገባ ይቀራል፣ ካልገባ ጊታሩን አስቀምጦ ይሄዳል። አው ዑመር ቃላቸው እንደ ጨርቃቸው ነው፤ ከመቁረጣቸው በፊት ይለካሉ፣ ከቆረጡ በኋላ አይመለሱም።

ዝርዝሩ የሚወጣው በአድማጭ ድምፅ ነው። የዘፈናችንን ቁጥር፣ ሰባትን፣ በስልክ ጽፎ ወደ ጣቢያው መላክ ብቻ ነው፤ አንድ ስልክ አንድ ድምፅ። እኔ ይህንኑ በትንንሽ ወረቀት ሁለት መቶ ቅጂ አባዝቼ ጫት በሚቃምበት በየበርጫው አደልኩ።

ያጠፋን ሰዓቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐረር ጫቷን ይዛ ተቀምጣለች። በሄድንበት ቤት ሁሉ ዘፈኑ ሲጀምር ሬዲዮው ከፍ ይላል፣ ወሬ ይቆማል፣ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ያሞግሰናል። ፈረስ መጋላ ገበያ የሚነግደው ሙሐዲን ብቻውን መቶ ሰው እንደሚያስልክ ማለ። አንዱ በወሬ አዲስ አበባ ስታዲየም አስገባን፣ ሌላው ዱባይ ወሰደን። ደስ ይል ነበር። በምርቃና የማይሠራ ፎቅ የለም፤ ሲመሽ ምርቃናው ይበርዳል፣ የእኔም ወረቀት ከጫቱ ትራፊ ከገራባው ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛ ዘንድ ሃምሳውም ሰው ሎሚውን ሌላው ይዞታል ብሎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝርዝሩ ተነበበ፤ አልነበርንበትም። ልደት ጣቢያው ደውላ ስንት እንዳገኘን ጠየቀች። ዘጠኝ አሏት። አሥረኛው ዘፈን አርባ አንድ ነበረው። ከዘጠኝ የበለጠ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ምሎልናል። ልደት ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሥራ አለኝ ብላ ሄደች።

ሰኞ ዐብዱልባሲጥን ልሸኝ መናኸሪያ ሄድኩ። ጊታሩን አልያዘም። የተናደደ አይመስልም፤ ስለ ጅጅጋ ሙቀት፣ ስለ አጎቱ ሱቅ ስፋት ያወራልኝ ጀመር። ሻንጣው ከተጫነ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«ትናንት የአባቴን ስልክ ካርድ ስሞላ የላከውን መልእክት አየሁ» አለኝ። «ሰባት ብሎ ልኳል። ፈረደብኝ እንጂ አልጠላኝም።»

በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

«ከዘጠኙ አንዱ እሱ ነው፣ አንዱ እኔ፣ አንዷ ልደት፣ አንዱ አንተ። አምስቱን አላውቃቸውም፣ አላህ ይስጣቸው። አንተን ግን ወላሂ አልረሳህም።»

ሁለት መቶውን ወረቀት ያባዛሁት እኔ ነኝ። በየበርጫው ቁጥሩን ጮክ ብዬ ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ወር ሙሉ ማታ እልካለሁ፣ ማታ እልካለሁ እያልኩ አልላክሁም። እዚያው ልነግረው ይገባኝ ነበር። አፈርኩና አቀፍኩት።

መኪናው ተነሳ። አልፎ አልፎ ይደውላል፣ ሱቁ ጥሩ ነው ይላል፣ ስለዚያ ወር ስናወራ አሁንም ያመሰግነኛል። የማያውቃቸው ስድስት እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።