ከዐሥራ ሰባት በኋላ

«ኢድሪስ እኮ በቁጥር የተካነ ልጅ ነበር» አሉ አጎቱ አብዱልወሃብ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው ለሀብተ ሥላሴ።

ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይኸ ነው። ሀብተ ሥላሴ የጓደኛውን መቃብር ሲቆፍር መዳፉ የተላጠ ሰው ነው። የኢድሪስን የቁጥር ነገርማ ከእሱ ወዲያ ማን ሊያውቀው?

«ያውቅ ነበር፣ አባባ» አለና ከእፍኙ ንፍሮ አንዲት ባቄላ ወደ አፉ አደረገ።

ሰው ለለቅሶ የሚቀመጥበት የመጨረሻው ቀን ነው። በበሩ በኩል ጣና ይታያል፤ ታንኳዎቹ ታስረው ይወዛወዛሉ። የሟች እናት ሀጂራ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ካስቀበሩ ወዲህ አላለቀሱም፣ ብዙም አልተናገሩም፤ ሰው «ሰብሩን ይስጥዎ» ሲላቸው «አሚን» ብቻ ይላሉ።

ነገ ጠዋት ደግሞ ፈተና አለ። ጣልያኖች ወደቡ ላይ ለከፈቱት መጋዘን ሒሳብ ያዥ ይፈልጋሉ። ሀብተ ሥላሴ የቃሉን ፈተና አልፏል፤ የቀረው የጽሑፉ ነው። አስተርጓሚው የገባውንና የወጣውን ዕቃ በጥድፊያ ይጠራል፤ ተፈታኙ ገቢውን በገቢ፣ ወጪውን በወጪ ረድፍ ያሰፍርና፣ ጥሪው እንዳበቃ ቀሪውን አውጥቶ ያስረክባል። ማለፍ ማለት ደመወዝ ነው፣ ሙያ ነው፣ ከሰው ደጅ መውጣት ነው። እሱ ግን ላለመሄድ ቆርጧል። ይኸን ገና ለማንም አልነገረም።

ከኋላው ሁለት ለቅሶ ደራሾች ይንሾካሾካሉ።

«ይኸ የመሪጌታው ልጅ ለጣልያን ሊጽፍ ነው አሉ።»

«ኢድሪስ ነው አሉ የገፋፋው።»

አብዱልወሃብ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሹክሹክታው ተቋረጠ። ሐዘን ቤት መቼም ወሬ አያጣም። ሀብተ ሥላሴ ይኸንኑ ራሱ አንድ ቀን ለኢድሪስ አንሥቶለት ነበር።

«ጣልያን ሂያጅ ነው» አለው ኢድሪስ፣ የዓሣ መረቡን እያጸዳ። «ሒሳብ ግን ማንም ይምጣ ማን ያስፈልጋል። አንተ ዕወቀው ብቻ። ጠሪ ያስፈልገኛል ትላቸውና እኔን ታስቀጥረኛለህ። አንተ ትጽፋለህ፣ እኔ እጠራለሁ።»

የተዋወቁት በጥል ነው። ሀብተ ሥላሴ ከዜማ ቤት ወጥቶ ለአንድ የቡና ነጋዴ መጻፍ በጀመረ ሰሞን፣ ከዘጌ የመጣ ታንኳ ሲራገፍ ኢድሪስ ስልቻዎቹን በቁጥር እየጠራ ያወርዳል፣ እሱ ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ጽሑፉ ከዘጌ ከተላከው ጋር ሲተያይ አንድ ስልቻ ጎደለ። ነጋዴው ቀዛፊውን ሌባ ብሎ አነቀው። ኢድሪስ መካከላቸው ገብቶ አላቀቃቸውና ወደ ጸሐፊው ዞረ።

«በረካን የት ጣልኸው?»

«የቱን በረካ?»

«መጀመሪያ የጠራሁልህን ነዋ!»

ሀብተ ሥላሴ ምርቃት መስሎት አልጻፈውም። ለካ በኢድሪስ ቤት የመጀመሪያው መስፈሪያ አንድ ተብሎ አይጠራም፤ በረካ ይባላል። እናቱ ሀጂራ ገበያ እህል እየሰፈሩ ነው ያሳደጉት፤ ጥሪውንም ዜማውንም የወሰደው ከእሳቸው ነው። ኢድሪስ ሀብተ ሥላሴን ቀዛፊውን ይቅርታ አስጠየቀውና ያን ቀን ሙሉ ሲስቅበት ዋለ። «ከቤተ ክርስቲያን መጥተህ በረከት ጠፋህ?» ይለዋል።

ከዚያ ወዲያ አልተለያዩም። ፈተናው ሲነገር ኢድሪስ ብራናም ወረቀትም አልፈለገም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ወደ ሐይቁ ዳር ይወስደውና እርጥቡ አሸዋ ላይ ያንበረክከዋል። እየጠራለት ሀብተ ሥላሴ በጣቱ ይጽፋል። «ጻፍሁ» ካላለ ኢድሪስ የሚቀጥለውን አይጠራም። ጥሪው ሲያበቃ ደግሞ «ማዕበሉ ሳይደርስብህ ደምር!» ብሎ ይጮህበታል። ስንት ቀን ውኃው ድምሩን ከእጁ ላይ ወሰደበት! ስንት ቀንስ ልብሱ እስከ ወገቡ ርሶ እየሳቁ ተመለሱ!

ናፈቀው። እዚሁ ኢድሪስ ቤት ተቀምጦ፣ የእናቱን ፊት እያየ፣ ንፍሮውን ይዞ ናፈቀው።

ኢድሪስን ንዳድ የያዘው በመስከረም ነው። በመጨረሻው ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። ዐይኑን ጣራው ላይ ተክሎ በቅዠቱ ታንኳ ያራግፍ ጀመር።

«በረካ።»

«ጻፍሁ» አለው ሀብተ ሥላሴ፣ እጁን ይዞ።

«ሁለት።»

«ጻፍሁ።»

ሀጂራ እርጥብ ጨርቅ እንደያዙ በግርጌው ተቀምጠው ይሰማሉ። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። «ዐሥራ ሰባት» አለ። ሀብተ ሥላሴ «ጻፍሁ» ብሎ የሚቀጥለውን ጠበቀ። ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ሀጂራ ናቸው በመጨረሻ የልጃቸውን ዐይን የከደኑት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው እየመረቀ ወጣ። አብዱልወሃብም ለሶላት ተነሡ። ሀብተ ሥላሴ ምንጣፎቹን አጥፎ ለመሄድ ጎንበስ ሲል ሀጂራ ጠሩት።

«ነገ አይደለም ወይ የጽሑፉ ፈተና?»

«ነው፣ እማማ። አልሄድም።»

«በሰው ወሬ ነው?»

«የሰው ወሬስ ያልፋል። ጠሪ የለኝም። ትናንት ብቻዬን ልሞክር ብዬ ሐይቁ ዳር ወርጄ ነበር። በልቤ እየጠራሁ ጻፍሁ። ዐሥራ ሰባት ስደርስ እጄ ቆመ። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ እዚያው ላይ ይቆማል። ነገ አስተርጓሚው ሲጠራ እንደዚሁ ብሆንስ? እሱ የለፋበትን በጣልያን ፊት ላዋርደው?»

ሀጂራ ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

«እኔም እዚያው ላይ ቆሜያለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ሌሊት ስተኛም እዚያው ነኝ፣ ስነሣም እዚያው ነኝ።»

ከዚያ መሬቱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉለት። ተቀመጠ። የቤቱ ወለል አፈር ነው፤ የሰው እግር ሲረግጠው ሰንብቶ ልሟል። ሀብተ ሥላሴ በተላጠ መዳፉ ፊት ለፊቱን ደለደለ፣ እንደ አሸዋው አለሰለሰው፤ ጣቱንም አነሣ።

«እንግዲህ ከበረካ ይጀምሩልኝ፣ እማማ።»

«በረካውንማ እሱ ጠርቶታል» አሉ ሀጂራ።

ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጡ። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«ዐሥራ ስምንት» ብለው ጠሩ፣ በዚያ በኢድሪስ ዜማ።

ሀብተ ሥላሴ ጣቱን አፈሩ ላይ አሳረፈ።

«ጻፍሁ» አለ።